ተቀባይ ያጣው ወይፈን

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ በር ላይ ከሚሸጡት ሴቶች መካከል አውቶብስ ሲቆም ወደ መስኮት የማትሮጠው ሙሀባ ብቻ ናት። ሌሎቹ ማንጎአቸውን በፌስታል አንጠልጥለው እየተጋፉ ይሮጣሉ። እሷ ከዣንጥላዋ ሥር ተቀምጣ «የፈለገ ይወርዳል» ትላለች። ይወርዳሉም። ማንጎዋ ከሌላው ማንጎ ተለይቶ አይደለም። የማይሮጥ ሻጭ የሚተማመንበት ነገር ያለው ይመስላል፤ መንገደኛ ደግሞ በዚህ ይታለላል።

እኔ ከጎኗ ባለችው ሱቄ ውሃና ለስላሳ እሸጣለሁ። ብርሃኑ እባላለሁ። ጥላ ስንጋራና ስንጨቃጨቅ ብዙ ዓመት ሆኖናል። የምነግራችሁ ግማሹን በዓይኔ ያየሁትን፣ ግማሹን እሷና ልጇ ኸድር የነገሩኝን ነው። የሁለቱ ወሬ አልገጥም ባለበት ቦታ የልጁን ወስጃለሁ። ሙሀባ ስታወራ ፍርሃቷን እየዘለለች ነው።

ቦታችን ለለማኝ ይመቻል። በደሴ መንገድ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ሙቀቱ ያስቆመዋል። መኪና በቆመበት ደግሞ ድምፅ ማጉያ የጫነ ሚኒባስ አይጠፋም። በጎኑ የታመመ ሰው ፎቶ፣ ከላይ የሚያላዝን ሙዚቃ፣ ከታች ሣጥን ያንጠለጠሉ ወጣቶች። መጀመሪያ ሁላችንም እንሰጥ ነበር። እኔ ራሴ የቀን ገበያዬን ገልብጬ የሰጠሁበት ቀን አለ። ቆየት ብሎ አንዲት ልጅ አንድ ጊዜ በኩላሊት፣ ሌላ ጊዜ በልብ ታማ መጣች። ፎቶዋ ያው ነው፤ ስሟ ግን ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ የሮቢት ሰው እጁን ሰበሰበ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ እውነተኛው በሽተኛ ሲመጣም ፊታችንን ማዞር ለመድን።

ሙሀባ ግን እጇን በመሰብሰብ ፈንታ መጠየቅ ጀመረች። «ልጅቷ አሁን የት ናት? ማን ነው የሚያስታምማት? እስቲ እናቷን በስልክ አገናኙኝ» ትላለች። ሣጥን የያዙት ልጆች ዣንጥላዋን ዞረው ማለፍን ተማሩ። ሰፈሩ ደግሞ ስም አወጣላት። «ሙሀባ ሳትመረምር ለጀናዛም አታለቅስም» ይሏታል። ትሰማለች፤ አትቀየምም።

ኸድር ያላት አንድ ልጅ ነው። ወደ ሳውዲ የወጣው እንደ ጓደኞቹ በጅቡቲ በረሃ በኩል ነበር። ባሕሩን ሳይሻገር ደወለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ያኔ ሙሀባ ግቢ ውስጥ ገና ጡት ያልጣለ ጥጃ ነበር። እጇን ጥጃው ጀርባ ላይ አድርጋ ተሳለች፦ «ያ ረቢ፣ ልጄን በሕይወት ካገናኘኸኝ ይህን አሳድጌ ለድሃ አበላለሁ።» ጥጃው ወይፈን ሆነ፤ ልጁ ግን ወሬው አልተሰማም። በመጨረሻ ከሳውዲ ሰዎች በአውሮፕላን ሲመለሱ እሱም ተመለሰ። ከአዲስ አበባ አውቶብስ የወረደው በነጠላ ጫማ፣ አንድ ፌስታል ይዞ ነበር። ያን ቀን ብቻ ሙሀባ ከዣንጥላዋ ሥር ተነስታ ስትሮጥ አየኋት።

ሰው ልጁ ሲመለስ ያርፋል ብሎ ያስባል። ኸድር ግን መመለሱን ተመልሶ፣ ቤት ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። ስለሄደበት አገር አንድ ቃል አይናገርም። አንድ ቀን ብቻ «ወይፈኑን ሸጠን ባጃጅ እንያዝ» አላት። ከተማው በባጃጅ ነው የሚኖረው፤ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም።

«ወይፈኑ የኛ አይደለም» አለችው።

ዳግመኛ አላነሳም። ይልቁንስ ከጓሮ ሆኖ በስልክ ማንሾካሾክ ጀመረ። ከማን ጋር እንደሚያወራ ሮቢት ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሰው ወደ ሳውዲ የሚያሻግረው ደላላ ቁርሱን እኔ ፊት ለፊት ነው የሚበላው። ሙሀባ አልጋ ሥር ልብስ የተሞላ ቦርሳ አገኘች። አልነካችውም፤ አልተናገረችውምም። ግን አንድ ነገር ልቧ ውስጥ ገባ፦ ስለቱ እስካልወጣ ልጁ በብድር ነው ያለው። ስለቱ በአግባቡ ከወጣ ይቀራል፤ ካልወጣ ወይም ሌባ ከበላው ይሄዳል።

«አላህ የሌባውን ከሌባው ይጠይቃል። አንቺ ከሰጠሽ በቃሽ» አልኳት።

«አንተ ውሃህን ሽጥ» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ አብዳለች ብዬ ነበር። ልጁን ቤት ሊያስቀምጥ የሚችለውን ወይፈን ልጁ ቤት እንዲቀመጥላት ብላ ለሌላ ልትሰጥ! ደግሞስ ይሁን፣ አርደሽ ጎረቤትሽን አብዪ አልኳት። በእኛ ሰፈር ሰደቃ መጀመሪያ የሚደርሰው ማን እንደሆነ አስታወሰችኝ፦ ቦርጫሙ፣ ባለ መኪናው፣ የወረዳው ሰው። ድሃው አጥር ጥግ ቆሞ አጥንት ይጠብቃል። መስጊድ ስጪ አልኳት። «ከሌላው ሥጋ ጋር ይቀላቅሉታል፤ የኔ ማን አፍ እንደገባ አላውቅም» አለች። ረመዳን በዚህ ክርክር አለፈ፤ ዒድም አለፈ። ወይፈኑ እየበላ ሰባ።

ከዒድ በኋላ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ያለው ድርጅት ወደ ጀውሃ መውጫ ላይ አለ ብለው ነገሯት። ስሙን ልተወው። ሙሀባ የሄደችው በምሳ ሰዓት፣ ሳትናገር ነው። ይህ የራሷ ዘዴ ነው፤ «ቢሮ ይዋሻል፣ ድስት አይዋሽም» ትላለች። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ ተቀበላት። ሶፋ ላይ አስቀመጣት፤ ቀዝቃዛ ውሃ አስከፈተላት። «እናታችን፣ ከብት ማስተዳደር ያስቸግረናል። ሸጠው ብሩን በባንክ ቢያስገቡልን» አላት። ወጥ ቤቱን ላየው አለች። ወጥ ሠሪዋ ፈቃድ ላይ ናት ተባለ። እሷ ግን ቀድማ ተነስታ ነበር። ትልቁ ድስት ውስጥ ሸረሪት ቤቷን ሠርታ ተቀምጣለች።

ስትወጣ ግድግዳ ላይ የተረጂዎችን ፎቶ አየች። እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ መናገር ያቅታትና ትስቃለች። ከፎቶዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። ከሱቄ በር ላይ፣ ቀትር ላይ፣ አፌን ከፍቼ ሳንቀላፋ ያነሱኝ ነው። ሥሩ «ጧሪና ቀባሪ የሌላቸው አረጋዊ» ይላል።

«ጋሽ ብርሃኑ፣ ጧሪ አጥተሃል አሉ» እያለች መጣች። ሚስትም፣ ልጆችም፣ ሁለት ማቀዝቀዣም ያለኝ ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ ስናደድ እኖራለሁ። በኔ ስም የተሰበሰበው የት እንደገባ የነገረኝ የለም።

ከዚህ በኋላ የቀራት ዓለምፀሐይ ናት። ዓለምፀሐይ የሆቴል ወጥ ሠሪ ነበረች። አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ መውረጃ ላይ ግቢ ተከራይታ መንገድ ላይ የሚንከራተቱትን ታበላለች። የጭነት መኪና ከየትም አምጥቶ የሚያራግፋቸው፣ አእምሯቸው የተነካ ሰዎች ናቸው። ሰሌዳ የላትም። ሐሜት ግን አላት። «ከውጭ ዶላር ይላክላታል» ይባላል። ሙስሊሙ «ልታጠምቃቸው ነው» ይላል፤ ክርስቲያኑ «እስላም ሰብስባ ታበላለች» ይላል። ሁለቱም ወገን ካማት ምናልባት ደህና ሰው ትሆናለች ብዬ ለሙሀባ ነገርኳት። በቀልድ ነበር ያልኩት።

አሁንም ሳትናገር፣ በምሳ ሰዓት ሄደች። በዚህ ጊዜ ግን ወይፈኑን አስከትላ ነበር። ገመዱን ኸድር ይዟል። ዓለምፀሐይ ወጥ ማውጫዋን እንደያዘች በሩ ላይ ደንግጣ ቆመች።

«እትዬ ሙሀባ፣ ወይፈኑ ምን ሊሆን መጣ?»

«ለእነዚህ ነው። አርደሽ አብያቸው።»

«ኧረ እትዬ፣ ሁዳዴ ነው እኮ!» አለችና ሳቀች።

ሁሉን የምትመረምረው ሙሀባ ይህን ዘንግታው ነበር። ረመዳንን ስትጨርስ የሰው ሁሉ ጾም ያለቀ መስሏታል። ግን ቶሎ መለስ አለች። «እንግዲያው እስከ ፋሲካ እዚሁ ይታሰር።»

«ፋሲካስ ሲደርስ ማን ያርደዋል?»

የኔን ሰው ለማያውቅ ልንገረው። እዚህ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ይቀብራል፣ ልጅ ሲዳር አንዱ ለሌላው ድንኳን ይተክላል። ሥጋ ላይ ግን ይለያያል። ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፤ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም። ሠርግ ያለበት ቤት ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ገበታ ያዘጋጃል። ማንም ቅር አይለውም፤ እንዲህ ሆኖ ነው የኖረው።

«ከነዚህ ግማሹ የእናንተ፣ ግማሹ የኛ ነው» አለች ዓለምፀሐይ። «አንዳንዱ ደግሞ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ያንን በግድግዳው ጥግ የተቀመጠውን ያዩታል? ስሙን እንኳ አልነገረኝም። አንገቱ ላይ ክር የለም፤ ሲሰግድም አይቼው አላውቅም። ለሱ የማንን ሥጋ ልስጠው? ነገ ዘመዶቹ ቢመጡ ምን እላለሁ?»

«ታዲያ ምን ታበያቸዋለሽ?»

«ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ሁሉም ከአንድ ትሪ። እዚህ ቤት ሥጋ አይገባም እትዬ። ሥጋ አንድ ቀን ከገባ ገበታው ለሁለት ይከፈላል። አብረው መብላት የለመዱት በስንት መከራ መሰለዎት? አይቀየሙኝ። ወይፈኑን ይውሰዱልኝ።»

ሙሀባ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። «እምቢ አለችኝ እኮ! ብርሃኑ፣ ሰው ወይፈን እምቢ አለኝ!» በዚያ ሁሉ ፍለጋ አልቀበልም ያላት የመጀመሪያዋ ሰው ናት። አመነቻት። ችግሩ፣ ያመነችው ቤት ወይፈኗን አይቀበልም።

በሩ ላይ ይህ ሲሆን ኸድር ገመዱን ይዞ ግቢውን ያይ ነበር። በግድግዳው ጥግ ያለው ሰው የደረሰውን እንጀራ ለሁለት ከፈለ። ግማሹን በላ። ግማሹን አጥፎ ከጭኑ ሥር ደበቀው።

ኸድር ገመዱን ለቀቀ። ወይፈኑ ነፃነቱን ሲያገኝ በቀጥታ ወደ ዓለምፀሐይ ጎመን ሄደ፤ ሰውም ሁሉ ወደ ወይፈኑ ሮጠ። ኸድር ብቻ ጥጉ ጋ ተንበረከከ።

«ሱፍዋን!»

ሰውየው ቀና አላለም። እጁ ግን ከጭኑ ሥር ገብቶ የታጠፈውን እንጀራ አወጣና ወደ ኸድር ዘረጋው።

ኸድር ከሳውዲ ከተመለሰ ጀምሮ ያላወራውን ያን ቀን አወራ። የሳውዲ ድንበር ላይ አብረው ታስረው ነበር። ኸድር በሽታ ጥሎት ከምግቡ ወረፋ መቆም ሲያቅተው፣ ሱፍዋን የራሱን ግማሽ ከጭኑ ሥር እየደበቀ ያመጣለት ነበር። የሚደብቀው ሌላው እንዳይነጥቀው ነው። ኸድር ቀድሞ ወጣ፤ ሱፍዋንን ሞቷል ብለው ነገሩት። የአሊዩ አምባ ልጅ ነው። እናቱ ዘምዘም ትባላለች፤ ሰሌን እየሠራች ትሸጣለች። ከዚያ እስር ቤት ወጥቶ በየት በየት ዞሮ ሮቢት እንደደረሰ ማንም አያውቅም። ምላሱን ትቶት መጥቷል።

በማግስቱ ሙሀባ ማንጎዋን እየደረደረች ቆየችና «የዚያ ልጅ እናትስ ምን ተስላለት ይሆን?» አለችኝ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ልጁን ወስዶ ለእናቱ መስጠት ነው። ሱፍዋን ግን መኪና አይገባም። ዓለምፀሐይ አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ልትወስደው ባጃጅ ላይ ልታወጣው ሞክራ፣ ጮሆ ጮሆ ራሱን ስቶ ነበር። የሰው እጅ ሲይዘውም ይንቀጠቀጣል። እናቱ መምጣት ነበረባት። ኸድር በነጋዴዎች በኩል ስልኳን አግኝቶ ደወለላት።

«ብር የለኝም!» አለችና ዘጋች።

ደግሞ ደወለ። «ስንቴ ልንገራችሁ? ፍየሎቼን ወስዳችሁ የለ!» ብላ ዘጋች።

ነገሩ ኋላ ገባን። ልጇ መንገድ ላይ ሳለ ደላሎች ድምፁን እያሰሙ ያላትን አሟጠዋታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንገታቸው ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉ ሰዎች «የስደተኛ ልጆች እናስመልሳለን» ብለው መጥተው፣ ለምዝገባ፣ ለትራንስፖርት እያሉ ከፍየሎቿ አንድ አስቀርተውላት ሄደዋል። ፎቶ አንስተን ወደዚያ በሚወርድ ነጋዴ ስልክ ላክንላት። «ልጄ እንዲህ ከሲታ አይደለም። ፎቶ ደግሞ ይሠራል» ብላ መለሰች። ይህን መልስ ስሰማ ሙሀባን አየኋት። እሷም ታውቋታል። እናቷን በስልክ አገናኙኝ የምትለዋ ሴት አሁን በስልክ የማትታመን ሆናለች።

«እሄዳለሁ» አለች።

«ወይፈኑስ?»

«እሱም ይሄዳል። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ጠያቂ ይመስላል። እኔ ጠያቂ ሆኜ አልሄድም።»

እሷና ኸድር ወይፈኑን አይሱዙ ላይ ጭነው፣ መኪና ከማይገባበት ደግሞ በእግር እየነዱ አሊዩ አምባ በገበያ ቀን ደረሱ። ዘምዘምን ያገኟት ሰሌኖቿን ዘርግታ ነው። ሰላምታውን መለሰች፤ ፊቷን አልፈታችም።

«ከየትኛው ድርጅት ናችሁ?»

«ከድርጅት አይደለንም። ልጅሽ ሮቢት አለ፤ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለ።»

«እነዚያም እንዲሁ ነበር ያሉት። ስንት ነው የምትፈልጉት?»

«ምንም። ወላሂ ምንም። መጥተሽ እዪው ብቻ።»

«ምንም የማይፈልግ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ አይመጣም።»

ሙሀባ የወይፈኑን ገመድ ወስዳ ሰሌኖቹ አጠገብ ካለው ግንድ ጋር አሰረችው። «ይኸው መያዣ። ዋሽቼሽ ከሆነ ወይፈኑ ያንቺ ነው።»

ዘምዘም ወይፈኑን ከቀንዱ እስከ ጭራው አየችው። «የተሰረቀ ይሆናል» አለች። «እናንተ ትሄዳላችሁ፤ ባለቤቱ ፖሊስ ይዞ እኔ ጋ ይመጣል።»

ኸድር እንደነገረኝ፣ እናቱ እዚያ ገበያ መካከል በሳቅ ፈነዳች። ራሷን እየሰማች ነበር። ሰው ተሰበሰበ። የቅሬው ሽማግሌ መጡ፤ ቅሬ የሚሉት እኛ እድር የምንለውን ነው፤ በዚያ አገር ያለሱ ቀብርም እርቅም የለም። ነገሩን ሰምተው «ምን ብታደርግልሽ ታምኛታለሽ?» ብለው ዘምዘምን ጠየቋት።

ዘምዘም አሰበች። ከዚያ በጣቷ ኸድርን አሳየች።

«ወይፈን አልፈልግም። እኔ ልጄን አገኛለሁ ብዬ ስሄድ እሷም ልጇን ትተውልኝ። እሱ ዋስ ይሁን።»

የሙሀባ ሳቅ ቆመ። ቦርሳው አልጋ ሥር እንዳለ ታውቃለች። ደላላው መቼ እንደሚነሳም ታውቃለች። ከአሊዩ አምባ ወደ በረሃው መንገድ ከሮቢት ይልቅ ይቀርባል። ልጁን ከዓይኗ ላለማጣት ያንን ሁሉ ደጅ የዞረች ሴት፣ አሁን ሰው እንዲያምናት ልጇን ከዓይኗ ማጣት አለባት። ወይፈኑን ማን እንደሚበላው ስትመረምር የከረመችው ለዚህ ነበር? እንዲህ ስታስብ ቆመች። ይህን እሷ አልነገረችኝም፤ ኸድር ነው ፊቷ ላይ ያየው።

«እቀመጣለሁ» አለ ኸድር።

አየችው። «ትቀመጣለህ?» የሚለውን ጥያቄ ልትጠይቀው አፏን ከፈተችና ተወችው። በሕይወቷ ሳትጠይቅ የሰጠችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ይመስለኛል። እጁን ይዛ ለሽማግሌው አስረከበችው፤ ወይፈኑንም እዚያው ከሱ ጋር ተወችው፤ ዘወር ብላ ሳታይም መንገድ ጀመረች።

ዘምዘም ሮቢት ስትደርስ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው። የዓለምፀሐይን በር ስታይ ቆመች። «ሰሌዳም የለው። ድርጅቱ የታለ?» አለች። ሙሀባ በሩን ገፋችላት።

ሱፍዋን ከግድግዳው ጥግ ነበር። ዘምዘም አልጮኸችም፤ አልወደቀችም። ቀስ ብላ ሄዳ ከፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለችና ለረጅም ጊዜ አየችው። እሱም አያት። እጁን ከጭኑ ሥር ሰዶ የታጠፈውን እንጀራ አወጣ፤ ዘረጋላት። ተቀበለችው። ቁርጥ አድርጋ በላች፤ እንባዋ እየወረደ አኘከች። እኔ ወደ ጎመኑ ዞርኩ። ዓይኔ ላብ ገብቶበት ነበር ማለት እችላለሁ፤ አልልም፤ አለቀስኩ።

ከዚያ ዘምዘም ተነስታ የሻሿን ጫፍ ያዘች። ቋጠሮ ነበረው። በጥርሷ ፈታችውና የተጠቀለለ ብር አውጥታ ለዓለምፀሐይ ዘረጋች።

«ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«የሚከፈለው።»

«የሚከፈል የለም።»

ሙሀባ ደነገጠች። «ብር የለኝም ስትይ አልነበረም እንዴ?»

«የለኝም። የቀረችኝን ፍየል ሸጬ ነው።»

«አላመንሽኝም አይደል? ታዲያ ምን ብለሽ ሸጥሽ?»

«አላመንኩሽም» አለች ዘምዘም። «ግን እውነት ቢሆንስ?»

ዘምዘም ደግሞ ወደ ዓለምፀሐይ ዞረች። ብሩ አሁንም በተዘረጋ እጇ ላይ ነው። «ካልተከፈለሽ ለምን አበላሽው?» አለቻት፤ ዓይኗ ገና ጥርጣሬ ነበረው።

ዓለምፀሐይ ጥያቄው አልገባትም። «ርቦት ነዋ» አለች።

ሱፍዋን የእናቱን እጅ ሲይዝ አልተንቀጠቀጠም። መኪና ግን አሁንም እምቢ ስላለ እስከ አሊዩ አምባ በእግር ሄዱ። እሱ ጥቂት ይሄዳል፣ ይቀመጣል፤ እናቱም አብራው ትቀመጣለች። ሙሀባ ከኋላ ትከተላለች፤ ልቧ ግን ከፊት ነው። ለሽማግሌው እመለሳለሁ ያለችው ቀን መንገድ ላይ አለፈ። ባረፉበት ሁሉ እነሱ ውሃ ሲጠጡ እሷ ቆማ ነበር።

ሲደርሱ ወይፈኑ ግንዱ ላይ ታስሯል። ኸድር የለም።

ሙሀባ ሰው አልጠየቀችም። ግንዱን ተደግፋ ተቀመጠች። መንደሩ ለሱፍዋን እልልታውን ሲያቀልጠው እሷ መሬቱን ታይ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የማሽላ አገዳ ሸክም ከነእግሩ እየተራመደ መጣ። ከሸክሙ ሥር ኸድር ነበር። ለወይፈኑ ድርቆሽ ፍለጋ ወርዶ ነው። ሸክሙን ጥሎ እናቱን መሬት ላይ ሲያያት ደነገጠ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ሄድክ ብዬ።»

«ዋስ ሆኜ የት እሄዳለሁ?» አለ።

ቦርሳውን እስካሁን ከአልጋው ሥር አላወጣም። አልሄደምም። ነገ ምን እንደሚያደርግ እኔ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። አሁን ግን አትመረምረውም።

ወይፈኑ እዚያው አሊዩ አምባ፣ ለሱፍዋን መመለስ በተደረገው ዱዓ ላይ ታረደ። አራጁ ላይ ክርክር አልተነሳም። ሙሀባ ከተመለሰች በኋላ ዣንጥላዋን ስትዘረጋ ለረጅም ጊዜ ያጓጓኝን ጠየቅኋት። ያንን ያህል ያስጨነቃትን ወይፈን በመጨረሻ ማን በላው? ድሃው ደረሰው ወይስ እንደተለመደው ቦርጫሙ ቀደመ?

«አላየሁም» አለች። «ኸድርን ነበር የማየው።»